ሜዳውና ዐዋጁ

ሕግ ማክበር ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ጥያቄ በአስተማሪነት በኖርሁበት ዘመን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አቅርቤላቸዋለሁ። መልሱንም በጥቍር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር። ነገር ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ በጅማ ዙሪያ ካሉት የቡና ከተሞች በአንዲቱ የሚገኝ አንድ የሣር ሜዳ ይህንኑ ትምህርት እንደ አዲስ አስተማረኝ። ትምህርቱ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ዋጋውን የከፈልሁት ግን እኔ አልነበርሁም፤ ለእናንተ ለወጣቶቹ አንባቢዎች ልጽፈው የተገደድሁትም ስለዚህ ነው።

ከጅማ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ የተጓዘ ሰው አገሩን ያውቀዋል። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሆኖ፣ ከተሞቹም በኮረብታው ወገብ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። በየከተማው ዳር አንድ ሜዳ አይታጣም። የእኛ ከተማ ሜዳ ጧት የሯጮች፣ ከቀትር በኋላ የኳስ ተጫዋቾች፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ የከብቶች ነበር። የጅማ አባ ጅፋር ቡድን በ2010 ዓ.ም.፣ ወደ ፕሬሚየር ሊጉ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ዋንጫውን ከወሰደ ወዲህ በሜዳው ላይ ቦታ ለማግኘት ልጆቹ ተራ ይይዙ ጀመር። እሑድ ጧት ደግሞ ሽማግሌውም ወይዘሮውም ሳይቀሩ ተሰልፈው እጅና እግራቸውን ያፍታታሉ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከጧት ጸሎት በኋላ ግቢውን ሦስት ጊዜ ሳንዞር ክፍል አንገባም ነበርና፣ አካልን ማሠራት ለአእምሮም እንደሚበጅ የተማርሁት ከፊደል ጋር አንድ ላይ ነው።

በዚህ መካከል ኮሮና የተባለው በሽታ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ዓለምን ያዳረሰ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ሁለት ቀን እንኳ ሳይውል ሳያድር፣ መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። በወሩ መጨረሻ በልዩ ልዩ ክልሎች ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደው የሕዝብ ማመላለሻ ቆመ፤ ባሕር ዳርና በአካባቢዋ ያሉ አንዳንድ ከተሞችም ለ14 ቀን ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለ5 ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ።

ዐዋጁና የወጣለት ደንብ ያዘዙት ይህን ነበር። ሰው እንዳይጨባበጥ፤ ከቤት ውጭ ሕዝብ በሚገኝበት ሥፍራ አፍና አፍንጫውን እንዲሸፍን፤ ከሌላው ሰው ሁለት የአዋቂ እርምጃ እንዲርቅ፤ መኪናም በግማሽ እንዲጭን። የሰዎችም ስብሰባ በአራት ሰው ልክ ተገደበ። ይህን የተላለፈ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር፣ ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ሊቀጣ ይችል ነበር። ዐዋጁ ግን እንደ ብዙ አገሮች ሕግ ሰውን ሁሉ በየቤቱ የሚዘጋ አልነበረም። የዕለት እንጀራውን በዕለቱ ላብ የሚያገኝ ሕዝብ በሩን ዘግቶ ምን ይበላል? ስለዚህ ሰው ለሥራው ይወጣ ነበር፤ የሚፈለገው ተራርቆ እንዲወጣ ብቻ ነበር።

ነገር ግን ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ መልኩን እንደሚለውጥ ታውቃላችሁ። በሬዲዮ «መሰብሰብ ተከለከለ» የተባለው በገበያ «መቆም ተከለከለ» ሆነ፤ በሰፈራችን ሲደርስም «መውጣት ተከለከለ» ተባለ። ሜዳው በማን ትእዛዝ እንደ ተዘጋ ማንም በእርግጥ ሳያውቅ፣ በመግቢያው ላይ ሁለት እንጨት ተጋደመ።

ክርክሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተነሣ። አንዳንዱ «ወረርሽኝ ሲመጣ ሯጭ ምን ያደርጋል? እያለከለከ ትንፋሹን በሰው ላይ ይረጫል፤ በቤቱ ይቀመጥ» ይል ነበር። ሌላው «ልጆቹ ትምህርት ቤት የላቸው፣ ሥራ የላቸው፤ ሜዳውንም ከነሣናቸው ጫት ቤት ይገባሉ» ሲል ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ ቍጥር ይመረምራል፤ «አራት ሰው ሲባል አራተኛው ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? አራት ሆነው ሲሮጡ አምስተኛው ከኋላ ቢደርስባቸው ጥፋተኛው ማን ነው?» እያለ ሰዓቱን ይጨርሳል። ልጆቹም በበኩላቸው «ብቻውን የሚሮጥ ሰው ከማን ጋር ተሰበሰበ ይባላል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ግን የመለሰላቸው አልነበረም።

እኔ ከፊተኞቹ ወገን ሆንሁ። አስተማሪ የነበረ ሰው ለሥርዐት ያደላል፤ ከዚህም በላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈርቼ ነበር። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው በዚያ በሽታ ይበልጥ እንደሚጎዳ በየቀኑ እንሰማ ነበርና።

ከሚያዝያ ቀኖች በአንዱ፣ ወደ ማታ፣ ከጎረቤት ቡና ተጠርቼ ተቀምጬ ነበር። በጅማ አገር ቡና መጠጣት ማለት ሲኒ ማንሣትና ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ አቦል ተጠጥቶ፣ ቶናው ተከትሎ፣ በረካው እስኪወርድ ድረስ ሰው ከቦታው አይነሣም። ዝናብ አንዣቦ ስለ ነበር በሩ ገርበብ ብሏል፤ የዕጣኑ ጢስ ክፍሉን ሞልቶታል። ሰባት ሰዎች ነበርን። የሁላችንም መሸፈኛ ከአገጫችን ሥር ወርዶ ነበር፤ ቡና በተሸፈነ አፍ አይጠጣምና። በዚህ ጊዜ በመስኮት አሻግረን ስናይ ስድስት ልጆች በተዘጋው ሜዳ ዙሪያ ሲሮጡ አየን። አንዱ ከሌላው በሃያና በሠላሳ እርምጃ ይራራቃል፤ ፊተኛው ግማሹን ሜዳ ሲያገባድድ የመጨረሻው ገና ከጅማሬው አልራቀም።

የመጨረሻውን አወቅሁት። ከዓመታት በፊት ያስተማርሁት፣ ከአያቱ ጋር በአንዲት ክፍል የሚኖር የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው። ከጥቂት ቀን በፊት መንገድ ላይ አግኝቼ ገሥጬው ነበር።

«መምህር፣ ብቻዬን እኮ ነው የምሮጠው፤ ወደ ማንም አልጠጋም» አለኝ።

«ሕግ ሕግ ነው» አልሁት።

«ሕጉ የከለከለው መሰብሰብን አይደለም እንዴ?»

ይህን ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። መልስ ያጣ አስተማሪ ብዙ ጊዜ ይቈጣል፤ እኔም ተቈጣሁ። ያን ዕለት ማታ ደግሞ ቊጣዬ አዲስ ሆነ። ሲኒዬን አስቀምጬ ተነሣሁና ወደ ደንብ አስከባሪዎቹ ሄጄ፣ «በሜዳው ላይ ልጆች ተሰብስበዋል» ብዬ ተናገርሁ። ተሰብስበዋል ብዬ! ከዚያም ተመልሼ በረካዬን ጠጣሁ።

ልጆቹ ተያዙ። ቀኑ መሽቶ ስለ ነበር ጉዳያቸው የሚታየው በማግሥቱ ነው ተባለና አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገቡ። በዚያች ክፍል ውስጥ ትርፍ ሰው በመጫን፣ ያለ መሸፈኛ በመሄድ፣ በሌላም ጥፋት የተያዙ ሃያ የሚያህሉ ሰዎች ነበሩ። ሌሊቱን ተጠጋግተው ዐደሩ። በማግሥቱ ወላጆቻቸው ፈርመው አወጡአቸው። እንግዲህ ያደረግሁትን ነገር ተመልከቱ፤ በደጅ አየር በሃያ እርምጃ ተራርቀው የነበሩትን ልጆች እኔ ትከሻ ለትከሻ አገጣጠምኋቸው። ይህንም ያደረግሁት መራራቅን ባዘዘው ሕግ ስም ነው።

ነገሩ የታየኝ ወዲያው አይደለም። የታየኝ ልጁ በዚያ ጧት ወደ አያቱ ክፍል ሲገባ ከደጃፌ ሆኜ ሳየው ነው። ሴትዮዋ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ደረታቸውም ደካማ ነው። ሐኪሞች በሽታው በያዘው ሰው ላይ እስኪገለጥ እስከ 14 ቀን ሊቆይ እንደሚችል ይናገሩ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀን መቍጠር ጀመርሁ። በስድስተኛው ቀን ሴትዮዋ ሲስሉ ተሰማኝ። በግንባችን አሳብሮ በሚመጣው በዚያ ሳል ስንት ሌሊት ተቀምጬ እንዳነጋሁ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

በእነዚያ ሌሊቶች ለምን እንደ ተሳሳትሁ ለማወቅ ስል የቀድሞዎቹን ወረርሽኞች ታሪክ ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትሁ። ከእነዚህ ሁለቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ነው። ይህ በዚያን ጊዜ ዓለምን ሁሉ የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በአዲስ አበባ ሰው በሺህ እየተቈጠረ አለቀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ነበር። ሐኪሞቹ በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ሕዝቡም በሽታው ከቈሻሻና ከክፉ ሽታ የመጣ መስሎት ጥራጊውን እየሰበሰበ በእሳት አጨሰ። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ በየደጁ ጥራጊ ይቃጠላል። ግቢን ማጽዳት መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ኢንፍሉዌንዛ የሚተላለፈው በታመመ ሰው ትንፋሽ፣ ሳልና ንጥሻ ነው እንጂ በጥራጊ ሽታ አይደለም። ስለዚህ ጢሱ በሽታውን አላቆመውም። ምክንያቱ ተረስቶ ሥርዐቱ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ጧት ተነሥቶ ጥራጊ የሚያቃጥለውን ሰው «ለምን?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ብዙዎቹ «የአባቶቻችን ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አይሰጡአችሁም።

ሁለተኛው ወደ እኛው አገር የቀረበ ነው። እኔ ገና ጡት ስጠባ፣ በ1953 እና በ1954 ዓ.ም.፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞና በዴዴሳ ወንዞች አካባቢ ቢጫ ወባ ተነሣ። በአፍሪካ ምድር ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ይባላል፤ 100,000 የሚያህል ሰው እንደ ታመመ፣ ከዚያም ውስጥ 30,000 የሚያህለው እንደ ሞተ ይገመታል። አባቴ ይህን ዘመን ሲያነሣ ድምፁ ዝቅ ይል ነበር። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በትንኝ ንክሻ ነው እንጂ በትንፋሽ አይደለም። ሰው ቢራራቅ፣ አፉንም ቢሸፍን ምንም አይጠቅመውም፤ የሚያድነው ክትባት መከተብና ትንኝን መከላከል ነው።

ልጆቼ ሆይ፣ እነዚህን ሁለቱን ከኮሮና ጋር አስተያዩአቸው። እያንዳንዱ በሽታ የራሱ መንገድ አለው፤ ሕጉም መንገዱን ተከትሎ ካልሄደ ደካማ ይሆናል። ለትንኝ የወጣ ሕግ ለትንፋሽ አይሆንም፤ ለትንፋሽ የወጣውም ለጥራጊ አይሆንም። ሕጉን የሚያከብር ሰውም የሕጉን ቃል ከመያዙ ጋር ሕጉ የቆመበትን ምክንያት ሊያውቅ ይገባዋል። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው አንድ ቀን ጢስ አጭሶ «ተከላከልሁ» ይላል፤ ወይም እንደ እኔ ልጆችን ከሜዳ አውጥቶ በክፍል ያጉራል።

ይህ ክርክር የእኛ ከተማ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዘመን ታላላቆቹ መንግሥታት ሁሉ በሩጫና በእግር ሽርሽር ነገር ተጨንቀው ነበር። በእስፔን አገር ሰው አካሉን ለማሠራት ከቤቱ እንዳይወጣ ፈጽሞ ተከልክሎ፣ አዋቂዎች ለሩጫና ለእግር ጕዞ የተለቀቁት ሚያዝያ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በደቡብ አፍሪካም ከመጋቢት 18 ቀን ጀምሮ ሩጫ ተከለከለ፤ ከሚያዝያ 23 ቀን ወዲህ ግን ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከቤት ከ5 ኪሎ ሜትር ሳይርቁ መሮጥ ተፈቀደ። ሰዓቱ ስለ ጠበበ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ወጥቶ መንገዱን ሞላው። በፈረንሳይ አገር ሰው ምክንያቱን የሚገልጽ ወረቀት ይዞ፣ ከቤቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ፣ ለ1 ሰዓት ብቻ መውጣት ይችል ነበር። እኛ ዐዋጁን በሰማንበት በዚያው በመጋቢት 30 ቀን ደግሞ በፓሪስ ከተማ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ማታው 1 ሰዓት መሮጥ ተከለከለ። በዚያው ሰሞን የኡጋንዳው ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ በደጅ መሮጥን ከለከሉና፣ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለሕዝባቸው ለማሳየት በጽሕፈት ቤታቸው ውስጥ ባዶ እግራቸውን ሲሮጡ በፊልም ታዩ።

በእንግሊዝ አገር የሆነው ግን ለእኛ ለቡና አገር ሰዎች ልዩ ትምህርት አለው። በዚያ አገር አካልን ለማሠራት መውጣት የተፈቀደ ነበር። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለት ሴቶች በየራሳቸው መኪና 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው፣ በአንድ የውሃ ግድብ ዳር ተራርቀው ለመንሸራሸር ሄዱ። ፖሊሶች ከበቡአቸው፤ በእጃቸው የያዙትም ትኩስ መጠጥ እንደ ሜዳ ግብዣ ይቈጠራል ተብሎ እያንዳንዳቸው 200 ፓውንድ እንዲከፍሉ ተቀጡ። ነገሩ በአገሩ ሁሉ ሲሰማ ታላቅ ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻም ቅጣቱ ተሰርዞ ይቅርታ ተጠየቁ። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ አልሳቅሁም። እነዚያ ፖሊሶች በገላጣ አየር የተያዘውን መጠጥ ከሰሱ፤ እኔ ግን በተዘጋ ክፍል ሰባት ሆነን የምንጠጣውን ቡና ረስቼ ሯጮችን ከሰስሁ። ከሁለታችን የባሰው ማን እንደ ሆነ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ከዚህ ወዲህ ዕውቀት ጨመረ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ የተባለው ስለ እጅ መታጠብና ስለ ንክኪ ነበር። እየቆየ ግን በሽታው ይበልጥ የሚተላለፈው አየር በማይዘዋወርበት በተዘጋ ክፍል፣ ሰው ተጠጋግቶ ረጅም ጊዜ ሲነጋገርና ሲተነፍስ መሆኑ ታወቀ። በ2013 ዓ.ም. የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያመዛዘነ ምርመራ በደጅ ተላለፈ የተባለው ከመቶው ዐሥር እንኳ እንደማይሞላ አሳየ። እንግዲህ ሜዳው ከሁሉ ይልቅ የቀለለ አደጋ ያለበት ሥፍራ ነበር፤ የዘጋነው ግን እርሱን ነው። የቡናው ቤት በር ገርበብ እንዳለ ቆየ።

ይህን ስል ወጣቶቹ «እንግዲያው እኛ ጥፋት አልነበረብንም» እንዳይሉ። ነበረባቸው። ብቻውን የሮጠ አልበደለም፤ ነገር ግን ሩጫው ካበቃ በኋላ ስድስቱም በአንዲት የውሃ ፕላስቲክ አፋቸውን እየገጠሙ ሲጠጡ፣ በአንዲት ጠባብ ሻይ ቤትም ራስ ለራስ ገጥመው የአንዱን ስልክ ሲመለከቱ በዐይኔ አይቻለሁ። የኳሱም ነገር እንዲሁ ነው። ሊጉ ራሱ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ያለ ዋንጫ ሲሰረዝ፣ በየመንደሩ ግን ተደብቆ የሚጫወት አልታጣም፤ ከተጫዋቾቹ ይልቅ ዳር ቆሞ የሚጮኸው ይበዛ ነበር። ሮጦ መራቅና ቆሞ መጠጋት አንድ አይደለም። ልጆቹ «ደጅ ነን» በሚለው ቃል ተሸሸጉ፤ እኛ ሽማግሌዎቹም «ቤት ነን» በሚለው ቃል ተሸሸግን። ሁለታችንም ቃሉን ይዘን ምክንያቱን ጣልን።

በዚያው ጊዜ ምክንያቱን የያዙም ነበሩ። የትንሣኤ በዓል ሚያዝያ 11 ቀን፣ ዒድ አል ፈጥርም ግንቦት 16 ቀን ሲውል፣ ምእመናን እንደ ወትሮው በአንድነት ከመጸለይ ተቈጥበው በየቤታቸው ዋሉ። ለጅማ ሰው የዒድን ሶላት ከወንድሞቹ ጋር በሜዳ አለመስገድ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህን ያደረጉት ምክንያቱ ስለ ተነገራቸው ነው፤ የነገሩአቸውም የሚያምኑአቸው አባቶች ናቸው። እንዲሁም በየዓመቱ በኅዳር በአዲስ አበባ የሚደረገው ታላቁ ሩጫ በዚያ ዓመት ወደ ጥር 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ተዛወረና፣ በአሥር ሺዎች ይቈጠር የነበረው ሯጭ ወደ 12,500 ዝቅ ብሎ ተሮጠ። አዘጋጆቹ ጨርሰው አልዘጉትም፤ እንደ ቀድሞውም አለቀቁትም። ጊዜውን አዛወሩ፤ ቍጥሩንም ለኩ። ሕግን በማስተዋል መጠበቅ ይህን ይመስላል።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። የሴትዮዋ ሳል በዐሥረኛው ቀን ቀለል አለ፤ በዐሥራ አራተኛው ቀን በደጃፋቸው ተቀምጠው ቡና ሲለቅሙ አየኋቸው። ኮሮና ይሁን ወይም የክረምቱ መግቢያ ጕንፋን እግዚአብሔር ያውቃል፤ የመረመራቸው አልነበረም። ቢሞቱ ኖሮ ግን ማንም እኔን አይከስም፤ በከተማው ሁሉ ዘንድም «ሕግ አስከባሪው መምህር» ተብዬ እኖር ነበር። ይህ አሳብ ከሳላቸው ይልቅ አስፈራኝ። ሰው ጥፋት ሠርቶ ሲወቀስ መመለሻ መንገድ አለው፤ ጥፋት ሠርቶ ሲመሰገን ግን ከየት ይመለሳል?

መሸፈኛዬን አድርጌ ሄድሁና ከደጃፋቸው ሁለት እርምጃ ርቄ ቆምሁ። «እናቴ፣ ልጅዎን ያስያዝሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«ዐውቀናል፤ ልጁ በዚያው ሌሊት ሰምቷል» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«መምህር ነዎት፤ ያስተማሩት ልጅ እንዴት ይውቀስዎ? ራስዎ እስኪመጡ ጠበቅን።»

ልጁ ከውስጥ ወጣ። ይቅርታ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ፤ ቀጥሎም ያንኑ የድሮውን ጥያቄ እንደ ገና ጠየቀኝ፤ «ብቻዬን መሮጥ እችላለሁ ወይ?» ያን ጊዜ መልስ ነበረኝ። «ሩጥ፤ ነገር ግን ከሰው ራቅ። ውሃህን ለብቻህ ያዝ። ስትመለስ እጅህን ታጠብ። ሻይ ቤት አትቀመጥ፤ አያትህ አሉና» አልሁት። ልጁም «ይህንኑ በፊት ቢነግሩኝ ኖሮ እሺ እል ነበር» አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር እንደዚህ ያለ ተግሣጽ ከተማሪ ተቀብዬ አላውቅም።

በማግሥቱ ከጎረቤቶቼ ጋር ተነጋገርን። የጋራው ቡና እስከ ወረርሽኙ ፍጻሜ ቀረ፤ መጠጣት የፈለገ በየራሱ ደጃፍ ተቀምጦ፣ አጥር ለአጥር እየተነጋገረ ጠጣ። ስለ ሜዳውም ወደሚመለከታቸው ሰዎች ሄደን አስረዳን። ብዙ ከተመላለስን በኋላ እንጨቶቹ ተነሡ፤ ልጆቹም በየተራ፣ ተራርቀው እንዲሮጡ ራሳቸው ሥርዐት አወጡ። የራሳቸውን ሥርዐት ከእኛው ትእዛዝ ይልቅ ጠበቁት፤ ለምን እንደ ወጣ ያውቁ ነበርና።

የአስቸኳይ ጊዜው ዐዋጅ ከ5 ወር በኋላ አበቃ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታወቀ። በአገራችን በዚህ በሽታ መሞታቸው የተመዘገበው ሰዎች ከ7,500 ይበልጣሉ። ስለዚህ ሕጉ ከንቱ ነበር የሚል ቢኖር አትስሙት፤ ከእነዚህ ሙታን እያንዳንዱ የአንድ ቤት አያት፣ አባት ወይም እናት ነበር።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎች ሆይ፣ በዕድሜአችሁ ሌላ ወረርሽኝ፣ ሌላም ዐዋጅ ልታዩ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ከሁሉ አስቀድማችሁ «ይህ ሕግ የሚጠብቀው ማንን ነው? የሚጠብቀውስ ከምን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካወቃችሁ ሕጉ ዝም ባለበት ሥፍራ እንኳ ባልንጀራችሁን አትጎዱም። ሕግ አስከባሪ ለመሆን የበቃችሁ እንደ ሆነ፣ ከመቅጣታችሁ በፊት አስረዱ፤ ከመክሰሳችሁም በፊት የራሳችሁን ክፍል ዞር ብላችሁ እዩ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ እንዲሉ፣ ያልመረመረ ከሳሽ የማይገባውን ክብር ይሸከማል። የታዘዛችሁም እንደ ሆነ፣ በቃሉ ቀዳዳ ሾልካችሁ ምክንያቱን አትርገጡ።

ያ ልጅ ዛሬ ጐልማሳ ሆኖ የራሱ ቤት አለው። አንዳንድ ጧት በሜዳው ሲሮጥ እኔም በዳር በኩል በቀስታ ስራመድ እንገናኛለን። ሲያልፈኝ እጁን ያነሣልኛል። እኔም አነሣለታለሁ፤ ሰላምታው በእርሱ ዘንድ ሰላምታ ብቻ ነው፤ በእኔ ዘንድ ግን የተከፈለልኝን ዋጋ ማስታወሻ ነው።